የግራው በሬ

ከገሳይ ወደ ጉና ተራራ ሽቅብ ሲሉ ከመንገዱ ወረድ ብላ ባለችው መንደር ሁለት በሬ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ አንድ ያለው ብዙ ነው። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ስለዚህ አንድ በሬ ያለው ሰው ሌላ አንድ በሬ ያለውን ፈልጎ «እንቀናጅ» ይለዋል። በሬዎቻቸውን ባንድ ቀንበር ያውሉና አንድ ቀን የዚህን ማሳ፣ በማግሥቱ የዚያን እያሉ የእርሻውን ወራት ይወጡታል። አንዳንዱ መቀናጆ አንድ ዓመት ይቆያል፣ አንዳንዱ ወርም አይሞላ። የጌጡና የፈንታሁን ግን ዐሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። በዚህ ሁሉ ዘመን በሬዎቹ ሁለት ጊዜ ተቀይረዋል፤ ሰዎቹ አልተቀየሩም።

አሁን የሚጠመዱት የጌጡ ቦራና የፈንታሁን ዳለቻ ናቸው። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት፤ የሚጠመደው ከግራ ነው። ዳለቻ አመድማ ነው፤ ከቀኝ። ቀንበሩን ሲያዩ ሳይጠሯቸው መጥተው እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ይቆማሉ።

ሰዉም ባለቤቶቹን የሚያያቸው እንደዚያው ነበር። ጌጡ ብቻውን ገበያ ከወጣ «ምነው፣ ፈንታሁን ታሟል እንዴ?» ይሉታል። ጌጡ ይህን ጥያቄ ይወደው ነበር። ለማንም አይናገረው እንጂ ከከብቱም ከእህሉም በላይ የሚኮራበት ሀብቱ ይኸው ጥያቄ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በግንቦት መጀመሪያ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ጌጡ ደጁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ቀንበርና ሞፈር የሚታሰሩበትን ጠፍር፣ ምራኑን፣ ቅቤ እየቀባ ያለሰልሳል። ገሳይ ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው ልጁ ትዝታ ከጎኑ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በእርሳስ ትጽፋለች።

«ዛሬ ደግሞ ምንድን ነው የምትሞነጫጭሪው?» አላት።

«የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ነው አባ። መምህሩ ዐሥር አባባሎች ሰጡን። የያንዳንዱን ትርጉም እንጽፍና በምናውቀው ሰው ዓረፍተ ነገር እንሠራበታለን።»

«እስቲ አንዱን አሰሚኝ።»

ትዝታ በእርሳሷ ጫፍ እየተከተለች «ጆይንድ አት ዘ ሂፕ» ብላ አነበበች።

«ምን ማለት ነው?»

«ቃል በቃሉ በዳሌ የተጣበቁ ማለት ነው። ተጣብቀው እንደሚወለዱ መንትዮች። ሁለት ሰዎች በጣም ሲቀራረቡ፣ አንዱ ካለበት ሌላው የማይጠፋ ሲሆን እንዲያ ይሏቸዋል።»

ጌጡ ምራኑን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ፈገግ አለ። «ፈረንጅም ይህን ያውቃል በይኛ! በዳሌ መሆኑ ብቻ አልተመቸኝም፤ እኛ አገር ጥምድ በአንገት ነው። ይሁን ግድ የለም። ዓረፍተ ነገሩን በማን ሠራሽው?»

መልሱን የሚያውቀው ጥያቄ ነበር። የጓጓው የራሱን ስም ከፈንታሁን ስም ጎን በባዕድ ፊደል ተጽፎ ለማየት ነው።

ትዝታ ደብተሯን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ «በአያ ፈንታሁንና… በማሩ» አለች።

«በማን?»

«በማሩ። አያ ፈንታሁንና ማሩ በዳሌ የተጣበቁ ናቸው ብዬ ነው የጻፍሁት።»

ጌጡ ምራኑን አነሣ። ቅቤ የጠጣውን ቦታ መልሶ ቅቤ ቀባው። «ጥሩ ነው» አለ። «ጥሩ ጽፈሻል።»

ማሩ ሠላሳ ያልሞላው ጎልማሳ ነው። ስድስት ዓመት መተማ በሰሊጥ ሥራ ከርሞ፣ ባለፈው ጥር አባቱ ሲሞቱ ተመለሰ። ሽማግሌው የተውለት ቁራሽ መሬትና አንድ ያልተገራ ወይፈን ነው። ማሩ እርሻውን ረስቶታል፤ ቀልድ ግን ከሄደበት አትርፎ መጥቷል። ፈንታሁን ደግሞ ሣቅ ይወዳል። ጌጡ ቀልድ አያውቅም። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከፈንታሁን ጋር ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማረሻው፣ ስለ ልጆቻቸው አውርቷል፤ አንድ ቀን ግን ሆዱን አስይዞ አላሣቀውም። እንዳላሣቀው ያወቀውም ማሩ ከመጣ በኋላ ነው። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በገበያ መንገድ፣ የፈንታሁን ሣቅ ወደተሰማበት ዞር ባለ ቁጥር ማሩ አጠገቡ አለ።

ይህን ሁሉ እስከዚያ ሐሙስ ድረስ ለራሱም አልነገረውም ነበር። የልጅቱ ደብተር ነገረው።

ከዚያ ወዲያ ዓይኑ ሌላ ሥራ አጣ። የሁለቱ የዘር እርሻ የሚጀመረው ዓርብ ነበር፤ ሰኞ ማለዳ ግን ፈንታሁን ዳለቻን እየነዳ ሽቅብ ወደ ማሩ ቤት ሲወጣ አየው። ማክሰኞም አየው። ረቡዕ የጠፋ በግ የሚፈልግ መስሎ ተከተለውና ከማሩ ማሳ ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ጀርባ ቆሞ አጮለቀ።

ዳለቻ ተጠምዷል፤ እንደ ልማዱ ከቀኝ። በግራው በኩል፣ በቦራ ቦታ፣ የማሩ ወይፈን ቆሟል። ቀይ ነው፤ ዓይኑ የፈጠጠ፣ አንገቱን ገና ቀንበር ያልላጠው። ማሩ ከፊት በገመድ ይስባል፣ ፈንታሁን ከኋላ እርፉን ጨብጧል። ወይፈኑ አንዴ ይዘላል፣ አንዴ ተገትሮ ይቆማል። ማሩ አንድ ነገር ተናገረ፤ ምን እንደሆነ ለጌጡ አልተሰማውም። ፈንታሁን ግን እርፉን ለቆ፣ ሆዱን ይዞ ሣቀ።

ጌጡ ሌላውን ሁሉ ይችለው ነበር። ሣቁንም ይችለው ነበር። ግራውን ግን አልቻለም።

ወይፈን ሲገራ ከበሰለ በሬ ጋር እንደሚጠመድ ማንም ገበሬ ያውቃል። ጌጡም ያውቃል። ቅናት ግን ያወቁትን ይዞ ወዳልታወቀ ቦታ ይነዳል። ወይፈን የሚገራው ለምንድን ነው? ሊጠመድ። ከማን ጋር? ከለመደው ጋር። ማሩ አንድ በሬ አለው፤ ፈንታሁንም አንድ በሬ አለው። ጌጡ ከካቡ ጀርባ ቆሞ ይህን ሲደምር ቁልቁል ወደ ቤቱ መሄድም አቃተው።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰው?» አለችው ሚስቱ አሰለፈች፣ የቀረበለትን ምሳ ሳይነካ ሲተወው። «ጣውንት የመጣባት ሴት መሰልህ እኮ!»

«ዝም በይ።»

«ዝም ብያለሁ። ብቻ ጣውንትህ መልከ መልካም ነው፤ እሱን አልክድም።»

«አሰለፈች!»

«ሄደህ አትጠይቀውም ታዲያ? አፍ የለህም?»

«እሱስ አፍ የለውም? ለምን እሱ አይነግረኝም?»

«እንግዲያማ ሁለታችሁም አፋችሁን ከዘጋችሁ በሬዎቹ ይንገሯችሁ» አለችና ሳሕኑን አነሣች።

ያን ዕለት ጀምበር ስትጠልቅ እንደ ልማዱ ወደ ምሥራቅ ዞሮ አቡነ ዘበሰማያት ደገመ። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ከሚለው ሲደርስ ቀሪው ጠፋበት። ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ሦስት ጊዜም እዚያው ላይ ጠፋበት።

በማግሥቱ ሐሙስ ወደ አያሌው ቤት ሄደ። አያሌው ከማንም ጋር ዓመት ሙሉ ተቀናጅቶ የማያውቅ፣ ነገር አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ነው። ያኔም በሬው ጎሽሜ ያለ ጥምድ ቆሞበት ነበር።

«ከነገ ጀምሮ ብንቀናጅስ?» አለው ጌጡ።

«ፈንታሁንስ?»

«ፈንታሁን ሌላ አለው።»

«ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም።»

«ሳትጣሉ ነው የተፋታችሁት?» ብሎ አያሌው ሣቀ። «ነገ ተራው የማን ነው? ኋላ ከሰው ጋር እንዳታጋጨኝ።»

«የማንም አይደለም» አለ ጌጡ።

ዋሸ። ነገ፣ ዓርብ፣ የፈንታሁን ተራ ነበር። የፈንታሁን የገብስ ማሳ ዘር የሚገባበት ቀን ነበር።

ዓርብ ማለዳ ጌጡ ቦራን ይዞ አያሌው ማሳ ደረሰ። አያሌው ጎሽሜን አቅርቦ በግራ አቆመው። «ያንተ ወደ ቀኝ ይለፍ» አለ።

ጌጡ በቁሙ ደረቀ። በሬ የሚያቀናጅ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ «ያንተ በየት በኩል ነው?» ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ያረሰ ሰው ይህን ሳይጠይቅ መጣ። አሁን ወደኋላ ማለት ደግሞ አፍሮ አልሆነለትም።

ቦራን ወደ ቀኝ ወሰደው። ቦራ በጎሽሜ ኋላ ዞሮ መጥቶ በግራ ቆመ። መልሶ ወሰደው፤ ቦራም ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው ሁለቱ ሰዎች ይዘው በግድ ከቀኝ ጠመዱት። ትልሙ ሲጀመር ቦራ ትከሻውን ጎሽሜ ላይ ጥሎ ወደ ግራ ይገፋል፤ ጎሽሜ መልሶ ይገፋል፤ ቀንበሩ ይወላገዳል፤ ማረሻው መሬቱን ትቶ አየሩን ያርሳል። ዐሥር እርምጃ አልሄዱም። ቦራ ጉልበቱን አጠፈና ተኛ።

«ለገመ!» አለ አያሌው። «ልግመኛ በሬ ነው ለካ ይዘህልኝ የመጣኸው!»

«ቦራ ለግሞ አያውቅም።»

«ታዲያ ተኝቶ ነው የሚያርሰው?» አያሌው ጅራፉን አንሥቶ አንዴ አሳረፈበት፤ ደገመው። በሦስተኛው ጌጡ ጅራፉን ከአየር ላይ ቀለበው።

«በሬዬን አትምታ!»

«ኧረ ተወኝ! እንግዲህ እንደ ባለቤቱ ነው፤ የማይነኩት!»

እንዲህ ሲባባሉ ከታች እምቧ የሚል ድምፅ መጣ። ተኝቶ የነበረው ቦራ ጆሮውን አቆመ። ፈንታሁን ቀንበሩን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ዳለቻን እየነዳ ከማሳው ዳር ደርሶ ነበር። መጀመሪያ ወደ ጌጡ ቤት ሄዶ አሰለፈችን ጠይቋታል፤ እሷም ቃል ሳትተነፍስ በጣቷ ወደዚህ አሳይታዋለች።

«ተራው የኔ ነበር» አለ ፈንታሁን። አልጮኸም። «ዘሩን አውጥቼ ነው የጠበቅሁህ።»

«አንተማ ሌላ በሬ አለህ። ቀይ ወይፈን አለህ።»

ፈንታሁን አፉ ተከፈተ። «ኧረ በማርያም! እሱን አይተህ ነው?»

«በቦራ ቦታ ቆሞ አይቼዋለሁ።»

«እየገራሁለት ነው እኮ! ማን ይግራለት? አባቱ ከመቃብር ይነሡ? እጁን አጣጥፎ ዓመቱን ይጨርስ?»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ብነግርህ ምን ልትል ነበር?»

ጌጡ የቀለበውን ጅራፍ እጁ ላይ ጠቀለለ።

«እኔ ልንገርህ» አለ ፈንታሁን። «ምንም አትልም። ታኮርፋለህ። የዛሬ ሦስት ዓመት በሚካኤል ማኅበር ከአያሌው አጠገብ ብቀመጥ ሁለት ሳምንት እንዴት አደርህ ከልክለኸኛል። ከአያሌው አጠገብ!»

«ምነው ጃል፣ እኔ ምን አለብኝ?» አለ አያሌው።

ፈንታሁን ቀንበሩን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «ቀንበር ጠዋት ይጫናል፣ ማታ ይወርዳል ጌጡ። በሬ እንኳ ሲመሽ አንገቱ ያርፋል። ያንተ ግን አይወርድም። ዐሥራ ስድስት ዓመት ማታም ተሸክሜው አድሬያለሁ። እውነቴን ነው፣ ከብዶኝ አያውቅም ነበር። ዛሬ ከበደኝ።»

ዳለቻን መለሰና በመጣበት ወረደ። ዳለቻ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየ። ፈንታሁን አልዞረም።

ቅዳሜ ሰንበት ነው፤ አይታረስም። ጉና ላይ ደመናው ጠቁሯል፤ ዝናቡ ከገባ ገብስ የሚጠብቀው ቀን የለም። ጌጡ ደጁ ላይ እጁን ታቅፎ ተቀመጠ። ያለ ዳለቻ ቦራ አንድ ትልም አይሄድም፤ ያለ ቦራም ማሳው ጦሙን ያድራል። እሱን ግን ያን ያህል አላሰበውም። ያሰበው «ከበደኝ» የሚለውን ቃል ነው።

ትዝታ መጥታ አጠገቡ ቁጭ አለች። የሆነውን ከእናቷ ሰምታለች።

«የዚያ የቤት ሥራ ነገር… መምህሩ ምን አሉ?» አላት።

«ልክ ነው ብለው ምልክት አድርገውበታል።»

«እኔን ለምን አልጻፍሽኝም?»

ትዝታ ደብተሯን አምጥታ ገጹን ገለጠችና በብርሃኑ በኩል ዘንበል አደረገችው። ከማሩ ስም ሥር ወረቀቱ ሳስቷል፤ በላጲስ ተፍቆ ያልጠፋ የሌላ ስም ጥላ አለ።

«መጀመሪያ የጻፍሁት እርስዎን ነበር አባ። ኋላ መምህሩ ሲያስረዱን ያሉት ትዝ አለኝ። አባባሉ ሁልጊዜ ምስጋና አይደለም ብለውናል። ሰው ሁለት ሰዎችን አይቶ፣ እነዚህ ደግሞ ለየብቻ መራመድ አይችሉም እንዴ ብሎ ሲስቅም ይለዋል አሉ። እርስዎ ላይ እንዲሣቅ አልፈለግሁም።»

«ማሩ ላይ ይሣቅ?»

«ማሩ ቢሰማ መጀመሪያ የሚሥቀው እሱ ነው።»

ጌጡ የተፋቀውን ስሙን በጣቱ ዳሰሰው። «እነዚያ ተጣብቀው የሚወለዱት ልጆች እንዴት ይሄዳሉ?»

«እንጃ አባ። አንዱ ሲሄድ ሌላው እየተጎተተ ይመስለኛል።»

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ፈንታሁን ሌላ ምሰሶ ሥር ቆሞ ነበር፤ ጌጡ ወደዚያ አላየም። ያን ዕለት ማታ ጸሎቱን እየደገመ ያቺ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፣ አለፋት።

ሰኞ ገና ሳይነጋጋ ቦራን ነድቶ ወደ ፈንታሁን የገብስ ማሳ ወረደ። ፈንታሁን ቀድሞታል። ዳለቻ ከቀኝ፣ ቀዩ ወይፈን ከግራ ተጠምደው፣ ማሩ ከፊት እየሳበ ያርሳሉ። ትልሙ እባብ የሄደበት ይመስላል። ጌጡ ያችን ግራ ሲያያት ተመለስ ተመለስ አለው። ፈንታሁን አይቶታል፤ ግን አልቆመም።

የማሳው ጫፍ ላይ ወይፈኑ ደነበረ። ማሩን በገመዱ ጎትቶ በጉልበቱ ጣለው፤ ማረሻው ተነቅሎ ወጣ። ጌጡ ቦራን ከአጋም ቁጥቋጦ ላይ አሰረና መጥቶ ገመዱን ከማሩ እጅ ወሰደ። ወይፈኑን በአፍንጫው አጠገብ አሳጥሮ ያዘው። «ሂድ» አለው ለስለስ አድርጎ። ወይፈኑ ሄደ።

ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ እንዲያ አረሱ። ጌጡ ከፊት፣ ፈንታሁን ከኋላ፣ ማሩ እየተከተለ ጓሉን እየከሰከሰ። ማንም ከ«ሂድ» እና ከ«ቁም» ሌላ ቃል አልተነፈሰም። ወይፈኑ አረፋ ሲደፍቅ ፈንታሁን ፈታቸው።

«ዓርብ ተራህን በልቼብሃለሁ» አለ ጌጡ፣ ወደ መሬት እያየ። «የዛሬም የረቡዕም ተራዬ ላንተ ይሁን። በደሉ የኔ ነው።»

ፈንታሁን የማረሻውን አፈር እያራገፈ «እሺ» አለ።

ጌጡ ወደ ማሩ ዞረ። «አንተ ግን ይህን ወይፈን እያበላሸኸው ነው።»

«ምነው አያ ጌጡ፣ ምን አጠፋሁ?»

«በግራ እያስለመድኸው ነው። ግራው ባለቤት አለው። በቀኝ ይልመድ። የቀኝ በሬ ያጣ ሰው ሞልቷል፤ አያሌው አንዱ ነው፤ ጎሽሜን ብቻውን አቁሞት ይውላል።»

«በቀኝ እንዲለምድ እኮ የበሰለ የግራ በሬ ያስፈልገዋል» አለ ማሩ። «እሱን ከየት ላምጣ?»

ጌጡ በእጁ ወደ አጋሙ አመለከተ። «ያውልህ። ከሐሙስ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ መጥተህ ውሰደው።»

ፈንታሁን ቀና አለ። «ቦራን? ለማሩ?»

«ለማሩ ብዬ አይደለም» አለ ጌጡ ቆጣ ብሎ። «ለግራው ብዬ ነው!»

ፈንታሁን ጥቂት አየው። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ ጌጡ ሊቆጣው መሰለው። ከዚያ ማረሻውን ጣለና ሆዱን ይዞ ሣቀ፤ እንባው እስኪመጣ፣ ትልሙ ላይ ቁጭ እስኪል ድረስ።

ጌጡ ቀልድ አልተናገረም ነበር። የሚያሥቀው የቱ ላይ እንደሆነም አልገባውም። ዝም ብሎ ሄዶ ቦራን ከአጋሙ ፈታው። ቦራ ማንም ሳይመራው መጥቶ በዳለቻ ግራ ቆመና አንገቱን ዝቅ አደረገ። ጌጡ ቀንበሩን ሲያነሣ ማሩም ከኋላው ይሥቅ ጀመር።

«አንተ ደግሞ ምን አገባህ?» አለው በልቡ።